በሩን የሚያውቅ ቫይረስ፦ ጂንን ለተመረጠ የአንጎል ሕዋስ ስለማድረስ

(ይህ ጽሑፍ ለሕክምና ተማሪዎችና ለአጠቃላይ አድማጭ በአማርኛ ካደረግሁት ንግግር ተስተካክሎ የተዘጋጀ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ክቡራትና ክቡራን፤

ውሻ የነከሰው ሰው ጤና ጣቢያ ሲደርስ ቶሎ ከሚጠየቃቸው ነገሮች አንዱ "የት ላይ ነው የነከሰህ?" የሚለው ነው። እግር ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ፊት ወይም አንገት ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ምክንያቱም የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ወደ አንጎል የሚሄደው በደም ሳይሆን በነርቭ በኩል ስለሆነ፣ ቁስሉ ለአንጎል በቀረበ መጠን መንገዱ ያጥራል፤ ለክትባት ያለን ጊዜም አብሮ ያጥራል። ቫይረሱ ከተነከሰው ጡንቻ ተነሥቶ ወደ ነርቭ ጫፍ ይገባል፤ በነርቩ ክር ውስጥ ወደ ላይ እየተሳበ አከርካሪ አጠገብ ይደርሳል፤ ከዚያም ከአንዱ የነርቭ ሕዋስ ወደ ሌላው እየተሻገረ አንጎል ውስጥ ይዘልቃል። እኛ በመድኃኒት ደጅ ስንጠናው የኖርነውን አንጎል እርሱ ሳያንኳኳ ይገባበታል።

ንግግሬን በዚህ ክፉ ቫይረስ የጀመርሁት ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። ዛሬ የምናገርለት ሥራ፣ ማለትም ቫይረስን አሰናድቶ ጂን በማሸከም ለተወሰኑ የአንጎል ሕዋሳት ማድረስ፣ ቫይረሶች በሚሊዮን ዓመታት ያወቁትን መንገድ መዋስ ስለሆነ ነው። መንገዱን ማወቅ ግን የሥራው ግማሽ ነው። አስቸጋሪው ግማሽ በሚፈለገው ሕዋስ ዘንድ መቆምና በሌላው ዘንድ ዝም ማለት ነው። የዛሬው ንግግሬ ጉዳይም በአብዛኛው ይኸው ነው።

በ2007 በካሊፎርኒያ ሶልክ ተቋም ይሠሩ የነበሩት ኢያን ዊከርሻም፣ ኤድዋርድ ካላዌይና ባልደረቦቻቸው የእብድ ውሻ ቫይረስ ካሉት አምስት ጂኖች አንዱን አውጥተው ጣሉት። የጣሉት ጂን ቫይረሱ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ለመሻገር የሚያስፈልገውን የውጭ ፕሮቲን የሚያሠራው ነው፤ ያ ከሌለ ቫይረሱ በገባበት ቤት ታግዶ ይቀራል። ሁለተኛው ብልሃታቸው የበለጠ ይገርመኛል፤ ቫይረሱን የወፍ ቫይረስ ልብስ አለበሱት። ይህ ልብስ የሚከፍተው በር በዶሮና በመሰሎቿ ሕዋሳት ላይ እንጂ በአጥቢ እንስሳት ሕዋሳት ላይ ስለሌለ፣ የለበሰው ቫይረስ አይጥ አንጎል ውስጥ ቢረጭ የትም አይገባም። ተመራማሪው አስቀድሞ በመረጣቸው ጥቂት ሕዋሳት ላይ የወፏን በር ይተክላል፤ የጎደለውንም ፕሮቲን ለእነርሱ ብቻ ይሰጣል። ቫይረሱም እነርሱ ዘንድ ይገባል፤ ወደ እነርሱ መልእክት ወደሚልኩ ሕዋሳት አንድ እርምጃ ይሻገራል፤ እዚያ ይቆማል። አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን ስለተጫነበት የረገጠው ቦታ ሁሉ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የትኛው የአንጎል ሕዋስ ከየትኛው ጋር እንደተገናኘ ዛሬ ከምናውቀው ውስጥ ብዙው በዚህ መንገድ የተገኘ ነው።

የሆነው ሆኖ ይህ ቫይረስ እንደዚያም ተገርቶ የገባበትን ሕዋስ ውሎ አድሮ ይጎዳል። ካርታ ለመሥራት ይበጃል፤ ታማሚ ለማከም ግን አይሆንም። ለሕክምናው የተመረጠው ሌላ፣ ሲያዩት የማያስደንቅ ቫይረስ ነው።

በ1965 ሮበርት አቺሰንና ባልደረቦቹ በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ አዴኖቫይረስ የተባለውን የጉንፋን ዘመድ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ፣ በመካከሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ተበትነው አዩ። ናሙናውን የበከለ ነገር ይመስል ነበር። ሲጣራ ራሱን የቻለ ቫይረስ ሆነ፤ ነገር ግን አዴኖቫይረስ ወይም ሌላ ረዳት ቫይረስ ካልታከለበት በሚገባ መራባት የማይችል ጥገኛ ነው። ስሙም "ከአዴኖ ጋር ተጓዳኝ ቫይረስ" ተባለ፤ በአጭሩ ኤኤቪ ይሉታል። ከሰዎች ብዙዎቻችንን በልጅነታችን ጎብኝቶን አልፏል፤ ብቻውን እንደሚያስከትል የተረጋገጠ በሽታ ግን የለም። ስፋቱ 25 ናኖሜትር ያህል በመሆኑ በአንድ የሰው ፀጉር ውፍረት ላይ በግምት 3,000 የሚሆኑት ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ቅርፊቱ ከ60 ፕሮቲኖች የተገጣጠመ ነው። በውስጡ ያለው ዲኤንኤ 4,700 ፊደል ብቻ ነው። መሐንዲሶቹ የቫይረሱን የራሱን ጂኖች በሙሉ አውጥተው በሁለቱ ጫፎች ያሉትን 145 ፊደል ያህል ርዝመት ያላቸውን ቁራጮች ብቻ ይተዋሉ፤ እነዚህ ቁራጮች ጭነቱ ቅርፊቱ ውስጥ እንዲታሸግ ምልክት የሚሰጡ ናቸው። በመካከላቸው የምንፈልገው ጂን ይገባል። የነርቭ ሕዋስ እንደ ቆዳ ሕዋስ ስለማይከፋፈል፣ የገባው ዲኤንኤ ከሕዋሱ ክሮሞሶም ጋር በአብዛኛው ሳይቀላቀል እዚያው ለዓመታት ተቀምጦ ያገለግላል።

ችግሩ ጭነቱ ትንሽ መሆኑ ነው። ኤኤቪ ባጃጅ ነው እንጂ አይሱዙ አይደለም። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ አንድ በሽታ ልውሰዳችሁ። በ1978 ፈረንሳዊቷ ሐኪም ሻርሎት ድራቬ በሕፃናት ላይ የሚታይ አንድ ከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነት ገለጸች፤ ዛሬ በስሟ ይጠራል። ሕፃኑ ጤነኛ ሆኖ ይወለዳል፤ አንድ ዓመት ሳይሞላው አብዛኛውን ጊዜ በትኩሳት ምክንያት ረጅም መንቀጥቀጥ ይጀምረዋል፤ ከዚያ በኋላ መንቀጥቀጡ መልኩን እየለዋወጠ ይመላለሳል፤ ንግግሩና እርምጃውም ወደ ኋላ ይቀራል። በ2001 የቤልጂግ ተመራማሪዎች የብዙዎቹ ሕፃናት ችግር ኤስሲኤን1ኤ በተባለ ጂን ላይ መሆኑን አገኙ። እያንዳንዳችን የዚህ ጂን ሁለት ቅጂ አለን፤ በእነዚህ ሕፃናት ዘንድ አንዱ ተበላሽቷል፤ ሌላው ደህና ነው። አብዛኛውን ጊዜ ስሕተቱ ከእናት ከአባት የተወረሰ ሳይሆን በልጁ ላይ አዲስ የተፈጠረ ነው።

እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ አለ። ይህ ጂን የሚያሠራው ፕሮቲን ሶዲየም ወደ ነርቭ ሕዋስ የሚገባበት ቀዳዳ ነው፤ ሶዲየም ሲገባ ሕዋሱ መልእክት ይተኩሳል። ታዲያ ቀዳዳው በግማሽ ከቀነሰ ሕዋሳቱ ቀዝቀዝ፣ አንጎሉም ጸጥ ማለት ነበረበት። ስለምን ይንቀጠቀጣል? መልሱ በ2006 በሲያትል ከዊሊያም ካተራል ቤተ ሙከራ መጣ። ጂኑ በተበላሸባቸው አይጦች ላይ ሲለካ፣ የተዳከሙት በዋናነት ሌሎችን የሚያነሣሡት ሕዋሳት ሳይሆኑ ሌሎችን የሚያረጋጉት ሆኑ። የአንጎል ፍሬን የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ በዚያ ቀዳዳ ላይ ከሌሎቹ ይልቅ የሚተማመኑትም እነርሱ ናቸው። መኪናው የሚከንፈው ነዳጁ በዝቶ ሳይሆን ፍሬኑ ላልቶ ነው።

በመካከላችሁ ያላችሁ ሐኪሞች ከዚህ አንድ ነገር ብትወስዱ ደስ ይለኛል። ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን የሶዲየምን ቀዳዳ በመዝጋት የሚሠሩ፣ በአገራችንም የሚታዘዙ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ናቸው። ለብዙ ታማሚ ያግዛሉ፤ የድራቬን ሕፃን ግን የላላውን ፍሬን ጭራሽ ስለሚነቅሉበት ያባብሱበታል። በመጀመሪያው ዓመት በትኩሳት የጀመረ ረጅም መንቀጥቀጥ ያለበት፣ ካርባማዜፒን ሲሰጠው የባሰበት ልጅ ካጋጠማችሁ ይህን በሽታ አስቡ። ለዚህ የጂን ምርመራ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም።

ወደ ጉዳዬ ስመለስ፣ የጎደለውን ጂን ለአንጎል ሕዋስ ሁሉ ብናድል ምን ይሆናል? ፍሬኑንም ነዳጁንም አንድ ላይ እንረግጣለን። በአይጥ የአንጎል ቅርፊት (የአንጎሉ የውጭ ንብርብር) ውስጥ የሚያረጋጉት ሕዋሳት ከአምስቱ አንዱ ያህል ናቸው፤ ቀሪዎቹ አራቱ የሚያነሣሡ ናቸው። የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋስ አለው፤ በ2023 የወጣው የሰው አንጎል ሕዋሳት አትላስ ደግሞ እነዚህን በጂን አጠቃቀማቸው ለይቶ ከ3,000 በላይ ዓይነት መድቧቸዋል። መድኃኒት "ለአንጎል" ተብሎ አይላክም። ለማን?

አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ ያዘዘ ሰው አድራሻ አሰጣጡ የታወቀ ነው። የሞተር ልጁ ይደውላል፦ "የቱ ጋ ነው?" "ከፋርማሲው ፊት ለፊት ባለው ቅያስ ግባ፤ አረንጓዴ በር ታገኛለህ፤ ሲከፍቱልህ ጓሮ የተከራየችውን ልጅ ጥራልኝ።" እዚህ ውስጥ ሁለት አድራሻ አለ። የመጀመሪያው እስከ አረንጓዴው በር የሚያደርሰው ነው። ሁለተኛው ግቢው ውስጥ ካሉት ብዙ ተከራዮች ጥቅሉን የምትከፍተው ማን እንደሆነች የሚለየው ነው። ተሸካሚ ቫይረስ ላይም አድራሻው የሚጻፈው በእነዚሁ ሁለት ቦታዎች ነው፤ አንዱ በውጭ ቅርፊቱ ላይ፣ ሌላው በውስጥ በዲኤንኤው ላይ።

ከቅርፊቱ ልጀምር። የአንጎል የደም ሥሮች ውስጠኛ ገጽ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው ተጣብቀው የቆሙ በመሆናቸው በደም ውስጥ ያለው ሁሉ እንዲሁ ወደ አንጎል አያልፍም። በ2009 በኦሃዮ ኮሎምበስ ብራያን ካስፓርና ባልደረቦቹ ኤኤቪ9 የተባለው ዝርያ ገና በተወለዱ አይጦች ደም ውስጥ ሲሰጥ ይህን አጥር አልፎ አከርካሪ ውስጥ ያሉትን የጡንቻ አዛዥ ሕዋሳት እንደሚደርስ አሳዩ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 2019፣ በዚሁ ቅርፊት የተላከ ጂን ዞልጀንስማ በሚል ስም በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ጡንቻን የሚያሰልል የአከርካሪ ነርቭ በሽታ ላለባቸው ከ2 ዓመት በታች ሕፃናት አንድ ጊዜ ብቻ በደም ሥር የሚሰጥ ነው። ጂኑ ከ900 ፊደል ያነሰ በመሆኑ ባጃጁ በምቾት ይሸከመዋል።

በአዋቂ እንስሳ ግን ኤኤቪ9 ከአጥሩ የሚያልፈው በጥቂቱ ነው። የካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ተቋም ባልደረቦች ቤን ዴቨርማንና ቪቪያና ግራዲናሩ በ2016 ያወጡት ሥራ እዚህ ላይ ነው የሚገባው። ቅርፊቱ ላይ ወደ ውጭ ጎበጥ ያለ ቦታ አለ፤ በፕሮቲኑ 588ኛና 589ኛ አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያ ጡቦች) መካከል። እዚያ ቦታ ሰባት አሚኖ አሲዶችን በዘፈቀደ ሰኩበት። ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲድ ሰባት ቦታ ሲሞላ 1.28 ቢሊዮን አማራጭ ስለሚሆን አንድ በአንድ መሞከር ዘበት ነው። ስለዚህ ብዙ ሚሊዮኑን በአንድነት አይጥ ደም ውስጥ ለቀቁና ምርጫውን ለአይጧ ተዉት። ማጣሪያቸው ብልህ ነበር፤ ክሪ የተባለ ዲኤንኤ የሚገለብጥ ኢንዛይም በተወሰኑ የአንጎል ሕዋሳት ውስጥ ብቻ እንዲኖር በተደረጉ አይጦች ተጠቀሙ። ቫይረሱ እነዚያ ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ ጭነቱን በትክክል ካራገፈ ዲኤንኤው ይገለበጣል፤ ደጅ ላይ የቀረው አይገለበጥም። የተገለበጡትን ብቻ አባዝተው መልሰው ለቀቁ። ከዚህ የወጣው ፒኤችፒ.ቢ የተባለው ቅርፊት ከኤኤቪ9 ቢያንስ 40 እጥፍ የሚበልጥ ጂን ወደ አንጎል አደረሰ። ሰባት ብሎን ተጨምሮ ባጃጁ ሌላ መኪና ሆነ።

ከዚህ ቀጥሎ የራሴን ውርደት ልንገራችሁ። በሠራሁበት አንድ ቤተ ሙከራ ይህን ዓይነት ቅርፊት የያዘ ጠብታ ተሰጠኝ። አይጧን ጅራቷን በሞቀ ውኃ አሙቄ፣ የጅራቷ ደም ሥር ሲያብጥ በቀጭን መርፌ ቫይረሱን ሰጠኋት። ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። አንጎሏን እንደ ሥጋ ቤት ዝልዝል ስስ አድርጌ ቆርጬ፣ መስታወት ላይ ዘርግቼ፣ መብራት አጥፍቼ ማይክሮስኮፕ ስር አየሁ፤ ጨለማ ነው። ጉበቷን አየሁ፤ ጉበቷ እንደ መስቀል ደመራ ይነዳል። እጄን ወቀስሁ፤ መርፌውን ወቀስሁ፤ ደገምሁት፤ ያው ሆነ። የለወጥሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ የሚጠቀሙበት ጥቁሩ የአይጥ ዘር በመደርደሪያው ላይ ስላልነበረ ነጩን ወስጄ ነበር። ነገሩ የእጅ ጉዳይ እንዳልሆነ ቆይቼ ተረዳሁ። በ2018 ሌሎች ተመራማሪዎች ይኸው ቅርፊት ባልብ/ሲ በተባሉት ነጭ አይጦችም በጦጣም ዘንድ ያን ተአምር እንደማይሠራ አሳተሙ። በ2019 ደግሞ ምክንያቱ ተገኘ፤ ቅርፊቱ የሚያንኳኳው በር ኤልዋይ6ኤ የሚባል በደም ሥር ሕዋስ ገጽ ላይ ያለ ፕሮቲን ነው። ጥቁሮቹ አይጦች አላቸው፤ በነጮቹ ዘንድ የበሩ ቅርጽ የተለወጠ ነው፤ ሰውና ጦጣ ግን ቅርፊቱ የሚያውቀው ዓይነት በር የላቸውም።

ይህ ግኝት በሥራው ላይ ያሉትን ሰዎች አሠራር ቀይሮታል፤ እኔ እንደሚመስለኝም ከመጀመሪያው ድል ይልቅ ይህ ኋላ የመጣ ኪሳራ ይበልጥ ጠቅሟል። ቀድሞ ቅርፊት በዘፈቀደ ተለቅቆ ያለፈው ይመረጥ ነበር፤ በየትኛው በር እንዳለፈ የሚጠይቅ አልነበረም። አሁን ብዙዎቹ ከበሩ ይጀምራሉ። በ2024 የዴቨርማን ቡድን፣ በዚህ ጊዜ በቦስተን አካባቢ በብሮድ ተቋም፣ የሰው ትራንስፈሪን ተቀባይ የተባለውን በር የሚይዝ ቅርፊት አወጣ። ይህ ተቀባይ ብረት ማዕድንን ከደም ወደ አንጎል የሚያሳልፍ፣ በሰው ደም ሥር ላይ መኖሩ አስቀድሞ የታወቀ ነው። የሰውን በር እንዲይዙ በተደረጉ አይጦች ላይ ቅርፊቱ ከኤኤቪ9 ከ40 እስከ 50 እጥፍ አደረሰ፤ ተራ አይጥ ላይ ግን ይህ ብልጫ የለውም። በአይጥ ላይ አለመሥራቱ እንደ መልካም ምልክት የሚታይበት ጊዜ ላይ ደርሰናል።

አረንጓዴው በር ተከፈተ እንበል። ግቢው ውስጥ ግን ሁሉም ተከራይ ጥቅሉን ተቀብሏል። የሚከፍተውን መለየት የሁለተኛው አድራሻ ሥራ ነው።

በሰውነታችን ያለ ሕዋስ ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት መጽሐፍ ይዟል፤ ሦስት ቢሊዮን ፊደል። ልዩነቱ የትኛው ገጽ እንደተገለጠ ነው። የጉበት ሕዋስ የገለጠውን ገጽ የነርቭ ሕዋስ ዘግቶታል። ከጂኖቹ አጠገብ ወይም ራቅ ብለው ኢንሃንሰር የሚባሉ፣ ብዙውን ጊዜ ጥቂት መቶ ፊደል የሚሆኑ ቁራጮች አሉ፤ የጂኑን መነበብ የሚያዝዙት እነርሱ ናቸው። አንዳንዱ ኢንሃንሰር የሚገለጠው በአንድ የሕዋስ ዓይነት ውስጥ ብቻ ነው። ዛሬ በአንድ አንድ ሕዋስ ውስጥ የተገለጡትን ገጾች ማንበብ ስለተቻለ፣ ለተፈለገው ሕዋስ ብቻ የተገለጠውን ቁራጭ መርጦ ቆርጦ ከምንልከው ጂን ፊት መለጠፍ ይቻላል። ጥቅሉ ሁሉም ዘንድ ይደርሳል፤ ስሟ የተጠራው ብቻ ትከፍተዋለች።

ሲወራ ይቀላል እንጂ ከተመረጡት ቁራጮች ብዙዎቹ ቫይረስ ላይ ሲጫኑ ጸባያቸውን ይለውጣሉ፤ አንዱ ዝም ይላል፣ ሌላው ሰፈሩን ሁሉ ይጠራል። በ2016 ጎርደን ፊሼልና ባልደረቦቹ ከዲኤልኤክስ ጂኖች አጠገብ የተወሰደ ቁራጭ የሚያረጋጉትን ሕዋሳት በአይጥም በሌሎች አጥቢ እንስሳትም እንደሚለይ አሳዩ። በ2020 ደግሞ ይኸው ቡድን ከእነዚህ ውስጥ ፓርቫልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ያላቸውን ፈጣን ተኳሾች ብቻ የሚጠራ ቁራጭ አገኘ። ቁራጩ የተገኘው ከየት መሰላችሁ? ከኤስሲኤን1ኤ ጂን ሰፈር፤ ከዚያው ከድራቬ ጂን። በሽታው ፍሬኑን የሚጎዳው ጂኑ እነዚያ ሕዋሳት ዘንድ ስለሚበዛ ነው፤ የሚበዛውም ይህን በመሰሉ ኢንሃንሰሮች ትእዛዝ ነው፤ ስለዚህ የበሽታው ሰፈር የመድኃኒቱን አድራሻ ጽፎ አስቀምጦ ነበር ማለት ነው። በ2025 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በደገፉት ሥራ በርካታ ቤተ ሙከራዎች ከ1,000 በላይ እንዲህ ዓይነት አድራሻ ያላቸው ቫይረሶችን ፈትነው ውጤቱን በአንድነት አውጥተዋል።

"አትክፈት" የሚል አድራሻም አለ። ጉበት ውስጥ ሚር-122 የሚባል አጭር አርኤንኤ በብዛት ይገኛል፤ ሥራው ከጂን ተቀድቶ ፕሮቲን የሚያሠራውን፣ የሚገጥመውን መልእክት ማስጠፋት ነው። በምንልከው ጂን ጭራ ላይ ለእርሱ የሚገጥም ጥቂት ፊደል ከጨመርን ጉበት ጥቅሉን ቢከፍትም መልእክቱን ራሱ ቀዳዶ ይጥለዋል። ያን ጊዜ ይህን ብጠቀም ኖሮ ያ ደመራ የመሰለው ጉበት ይጠፋልኝ ነበር።

አሁን ባጃጁን የምታስታውሱ ከሆነ ወደ ድራቬ ሕፃን እንመለስ። የኤስሲኤን1ኤ ጂን ፕሮቲን የሚጻፍበት ክፍል ብቻ 6,000 ፊደል ያህል ነው፤ ባጃጁ ከ4,700 በላይ አይጭንም። ስለዚህ አንድ ቡድን ጂኑን መላክ ትቶ ለጂኑ አዛዥ ላከ። አዛዡ ኤስሲኤን1ኤን ብቻ እንዲያነቃ ተደርጎ የተሠራ ፕሮቲን ነው፤ የሕፃኑን ደህናውን ቅጂ "እጥፍ ሥራ" ብሎ ያዝዘዋል። ከፊቱ የሚያረጋጉት ሕዋሳት ስም ተለጥፎበታል፤ በኤኤቪ9 ቅርፊት ታሽጎ አንጎል ውስጥ ፈሳሽ በሚገኝበት ጓዳ አንድ ጊዜ ይሰጣል። በሕፃናት ላይ የሚደረገው ሙከራ በ2024 ተጀምሯል። የሙከራው መጨረሻ ምንም ይሁን፣ ከዛሬው ጉዳያችን ውስጥ ከዚህ የሚያምር ምሕንድስና አላየሁም።

ከአድራሻ ሁሉ የሚቀድም ጥንታዊ ዘዴም አለ፤ ዕቃውን ራስህ ይዘህ ሄደህ ቤቱ ውስጥ ማስቀመጥ። ኤኤዲሲ የተባለ ኢንዛይም የጎደላቸው ልጆች ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል መልእክት አድራሽ ኬሚካል ማምረት ስለማይችሉ ራሳቸውን ቀና ማድረግ እንኳን ያቅታቸዋል። በታይዋን በተጀመረ ሙከራ ጂኑ በኤኤቪ2 ተጭኖ ፑታመን በተባለው የአንጎል ክፍል በቀጥታ በመርፌ ተሰጠ፤ ቀና ማለት ያልቻሉ ልጆች ተቀመጡ፤ አንዳንዶቹ ተራመዱ። ሕክምናው በአውሮፓ በ2022፣ በአሜሪካ በኅዳር 2024 ተፈቅዷል። መጠኑን አወዳድሩልኝ። እዚህ ጠቅላላው 180 ቢሊዮን ቅንጣት ነው። ዞልጀንስማ ግን በደም ሥር የሚሰጥ ስለሆነ ለአንድ ኪሎ ክብደት 110 ትሪሊዮን ያስፈልገዋል፤ አምስት ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ከቀደመው 3,000 እጥፍ ገደማ ይሆናል።

አደጋው የሚመጣውም ከዚህ ብዛት ነው። በደም የተለቀቀ ኤኤቪ አብዛኛው ጉበት ላይ ያርፋል። በ2022 ዞልጀንስማ ከተሰጣቸው ሕፃናት ሁለቱ በጉበት መድከም መሞታቸውን አምራቹ አስታውቋል። ቀድሞ በኤኤቪ የተጠቃ ሰው አንቲቦዲ ስለሚኖረው ቫይረሱ ከመድረሱ በፊት ሊመክንበት ይችላል፤ አንድ ጊዜ የወሰደም ሁለተኛ ለመውሰድ በዚሁ ምክንያት ይቸግረዋል። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የማይመለስ መሆኑ ነው። ክኒን ካልተስማማ ይቆማል፤ አንጎል ውስጥ የገባ ጂን ግን ውጣ አይባልም። ስለዚህ ትክክለኛ አድራሻ ማለት ሕዋሱን መለየት ብቻ ሳይሆን መጠኑንም መቀነስ ነው። በሩን የሚያውቅ ቅርፊት በጥቂት ቅንጣት ይሠራል፤ ጉበትም ያርፋል። ዋጋም ይወርዳል ብለው ተስፋ የሚያደርጉ አሉ። ዞልጀንስማ ሲፈቀድ 2.125 ሚሊዮን ዶላር ተተምኖለት ነበር፤ በዚህ ዋጋ ለአገራችን ልጅ ይደርሳል ብዬ ብናገር እናንተም አታምኑኝ፣ እኔም አላምነውም።

በመጨረሻ የአይጥ በር ለሰው የማይሆን ከሆነ የሰውን በር በምን እንፈትን ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ ላሳያችሁ። መድኃኒት የማይበግረው የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አንዳንዴ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል፤ ሐኪሙ ወደ በሽታው ምንጭ ለመድረስ የአንጎል ቅርፊት ቁራጭ ያወጣል። ድሮ ያ ቁራጭ ይጣል ነበር። ዛሬ ሲያትልን በመሳሰሉ ከተሞች ታማሚው ከፈቀደ ቁራጩ በቀዘቀዘና ኦክስጅን በሚነፋበት ፈሳሽ ውስጥ ሆኖ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ወደ ቤተ ሙከራ በጥድፊያ ይወሰዳል። ከሚሊሜትር ግማሽ ባነሰ ውፍረት ይቆረጣል፤ በሳሕን ላይ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ሕያው ሆኖ ይቆያል። በላዩ ላይ አንድ ጠብታ ቫይረስ ይደረግበታል። ከጥቂት ቀን በኋላ በጨለማ ክፍል ውስጥ ማይክሮስኮፑ ሲበራ፣ በሰፊው ጥቁር ሜዳ ላይ እዚህና እዚያ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነጥብ ይታያል። ከዚያ ፓርቫልቡሚንን ቀይ የሚያቀልም ቀለም ይጨመርና፣ አረንጓዴው ከቀዩ ላይ ማረፉ ነጥብ በነጥብ ይቆጠራል። ባለፈው ሳምንት እንዲህ ያለ ምስል ላይ ተቀምጬ ስቆጥር፣ ሁለቱ ቀለሞች በአብዛኞቹ ነጥቦች ላይ ተገጣጠሙ። በአንዱ ጥግ ግን ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያለው፣ ከሚያነሣሡት ወገን የሆነ አንድ ሕዋስ ቀይ ሳይኖረው አረንጓዴ አብርቷል። ስሙ ሳይጠራ ጥቅሉን የከፈተበትን ምክንያት አሁን እየፈለግን ነው።